የወንድሜ መኪና እና የዓባይ በረሃ አየር

ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ወር ሆኖኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሬድዮ ጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት የመንገድና የትራንስፖርት ዘጋቢ ነበርሁ። መቅረጫዬንና የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ በንብረት ክፍል መስኮት አስረክቤ ስወጣ ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ቤቴ መጣና ሳይቀመጥ፣ የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ጠየቀኝ።

«እታለም፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ላስቀይረው ነው። አንቺ ይህን ነገር በሬድዮ ሠርተሽው የለም? ምን ትያለሽ?»

ሙሉጌታ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነው። ባለቤቱ በሥራ ወደ አዲስ አበባ ተዛውራለች፤ እሱ በወር አንድ ጊዜ ፈቃድ እየወሰደ ወደ እሷ ይነዳል። መኪናው ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ነው። ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት አልፏል፤ ቱርቦ አለው፤ ማለትም በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ። ለሞተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭና እሳቱ መቼ እንደሚጫር የሚወስነው ደግሞ ከተሳፋሪው እግር ሥር የተደበቀው ኮምፒውተር ነው። ሙሉጌታ ሊያስቀይር የፈለገው በዚያ ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ይንቀራፈፍበታል።

ማይክሮፎን ፊት ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሰባት ሰው ያለቀበትን አደጋ በቀጥታ ስርጭት ሳነብ ውኃ እንኳ አልጠጣሁም። በዚያ ቀን ግን ለወንድሜ መልስ መስጠት አቃተኝ። «ነገ እንነጋገር» ብዬ ሸኘሁት። ያን ዕለት ያልነገርሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ደልጊ ላይ ነው፤ ከጣና ማዶ ስለ ዓሣ አስጋሪዎችና ስለ ገበያ በሳምንት አንድ ዘገባ እልክ ነበር። በኋላ መራዊ ተመደብሁ፤ ስለ ቆጋ መስኖ እንድዘግብ። ደመወዙ ትንሽ፣ የአበል ማስረጃው ብዙ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። የምለው ስለ ጋሽ አያሌው ነው።

ጋሽ አያሌው የዜና ክፍሉ አለቃ ነበሩ። አባታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ የድጓ መምህር ነበሩ፤ የተገለበጠ መጽሐፍ ከዋናው ጋር እያስተያዩ ያርሙ ነበር ይባላል። ልጅየውም ዜናን እንደዚያ ነበር የሚያርሙት። ተቀምጠው አያርሙም። መስኮቱ አጠገብ ቆመው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ፤ አንድ ጫፉ ሰማያዊ ሌላው ቀይ የሆነ እርሳስ ይይዛሉ፤ የሚቀርጹትም ራሳቸው በምላጭ ነው። «ይህን አየሽው ወይስ ሰማሽው?» ይላሉ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር። ላየሁት ኅዳጉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ፣ ለሰማሁት ቀይ ነጥብ። ቀይ ነጥብ ያለበት ነገር የተናጋሪው ስም ሳይከተለው አይተላለፍም። ያላየሁትም ያልሰማሁትም፣ እንዲያው ይሆናል ብዬ የጻፍሁት ከሆነ ኅዳጉን ባዶ ይተዉታል፤ ጽሑፉም ወደ እኔ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ከቆጋ «ውኃው እስከ መጨረሻው ማሳ ደርሷል» የሚል ዘገባ አመጣሁ። የነገረኝ የሥራ ኃላፊ ነበር።

«ቀይ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው።

«ትልቅ ሰው ነው የነገረኝ፤ ጋሼ።»

«ትልቅ ቀይ ላድርግልሽ?»

ተመልሼ ሄድሁ። ቦዩን ተከትዬ ግማሽ ቀን በእግሬ ተጓዝሁ። እውነት ነበር፤ ውኃው የመጨረሻው የድንች መደብ ውስጥ ገብቶ ያብረቀርቃል። አንድ ቃል ሳይቀየር ዘገባው ተላለፈ። ነጥቡ ብቻ ሰማያዊ ሆነ። «አሁን ያንቺ ሆነ» አሉኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዘገባውን እንደሠራሁ እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን ወንድሜ አያውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ ሰሎሞን የሚባል መካኒክ በከተማችን ጋራዥ ከፍቶ የመኪና ኮምፒውተር በላፕቶፕ ያስተካክል ጀመር። ነገሩ አዲስ ስለነበር ዘገባ ልሠራበት ሄድሁ። አንድ ቱርቦ መኪና አስተካክሎ ከሐይቁ ዳር ባለው ጎዳና ላይ አብሬው ተሳፈርሁ። የቱርቦውን ፉጨት ቀረጽሁ። መኪናው ሲፈተለክ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ያየሁት ይህን ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ዳር ሳንወጣ።

የዘገባዬ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፦ የተስተካከለው መኪና ቁልቁለት፣ ዳገትና በረሃ ሳይል ያለ ሥጋት ይሄዳል ሲል መካኒኩ ተናግሯል። ጋሽ አያሌው ቀይ ነጥብ አድርገው አሳለፉት። ስቱዲዮ ስገባ ዘገባው ሁለት ሰከንድ በዛ። ቴክኒሻኑ በመስተዋቱ በኩል አሳጥሪ ሲል ጣቱን አሽከረከረልኝ። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ቃላት ቆረጥሁ። «ያለ ሥጋት ይሄዳል» ብዬ በሙሉ ድምፅ ዘጋሁ። የሰሎሞን ቃል የእኔ ሆነ፤ የእኔ ደግሞ የሬድዮው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደ ልማዴ ጧት የአደጋ ዜና ስሰበስብ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ከጎሃ ጽዮን በታች አንድ አነስተኛ መኪና ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከመንገድ እንደወጣና አንዲት ሴት ክፉኛ እንደተጎዳች ነገሩኝ። ጻፍሁት። አነበብሁት። ከአምስት ዜናዎች አራተኛው ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ቆይቶ ሰሎሞን ደወለልኝ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «እትዬ ብርቄ፣ ያ መኪና እኔ ያስተካከልሁት ነው» አለኝ።

ባለመኪናው ዓለማየሁ የሚባል አስተማሪ ነበር። ባልና ሚስቱ ከሕክምና ተመልሰው ባሕር ዳር ቤታቸው ሲገቡ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ባለቤቱ ትዕግሥት ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር፤ ከጉልበቷ በላይ ብረት ገብቷል። ገና «እንደምን ዋላችሁ» ስል አንገቷን ቀና አደረገች።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች።

ባሏ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ተው፣ ያረጀ መኪና አታስነካ ብየው ነበር» አለች ትዕግሥት። አልጮኸችም። «እሱ ግን ‹ያለ ሥጋት ይሄዳል ብላለች› አለኝ።»

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ሰሎሞን ጋራዥ ሄጄ ምን እንደተፈጠረ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ላፕቶፑን ከፈተ፤ በቁጥር የተሞሉ ብዙ ትናንሽ ሣጥኖች ያሉበት ሠንጠረዥ አሳየኝ። ሞተሩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በጨመረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ሌላ ሣጥን ይሻገራል፤ ሣጥኑ የሚለውን ቤንዚን ይረጫል፤ ሣጥኑ በሚለው ቅጽበት እሳቱን ይጭራል።

«ባሕር ዳር ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው» አለኝ። «እዚህ ሙሉ ቤንዚን ብሰጠውም እነዚህ የመጨረሻ ሣጥኖች ጋ አይደርስም። ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል። ቱርቦው ያን ወፍራም አየር ጨምቆ ሲያስገባ ሞተሩ እነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ይገባል።»

«እነዚህን ምን ብለህ ሞላሃቸው?»

«በግምት።»

በሞቃቱ ዳገት እሳቱ ያለ ጊዜው ተጫረ፤ ፒስተኑ ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ሁለት ሦስቴ ይሠራል፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሰሎሞን ውሸታም አልነበረም። ሐይቅ ዳር ሆኖ ያስተካከለው መኪና ሐይቅ ዳር እንከን አልነበረውም። ሁለታችንም ያላየነውን አገር ነው አውቀነዋል ያልነው።

ማረሚያ ጻፍሁ። አዲስ የመጣው ሥራ አስኪያጅ «ሰው ረስቶታል፤ ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ?» አለኝ። ጋሽ አያሌው መስኮታቸው አጠገብ ቆመው ማረሚያዬን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ የቆረጥኋቸውን ሦስት ቃላት የጠቀስሁበት ቦታ ሲደርሱ እርሳሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ይህ ነጥብ አያስፈልገውም» አሉ። በማግሥቱ አየር ላይ ዋለ። ትዕግሥት እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። በየዓመቱ በጥምቀት ማግሥት ልጠይቃት እሄዳለሁ፤ ታስገባኛለች፤ ስለ መኪና አናወራም።

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለሙሉጌታ ነገርሁት። ሰምቶ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ሊያቃልለው ሞከረ።

«እታለም፣ ጡረታ ወጣሽ እንጂ ማይክሮፎኑ አልወጣልሽም። እኔ እኮ የሬድዮ አድማጭ አይደለሁም፤ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ።»

«ዓለማየሁም የፊዚክስ አስተማሪ ነበር።»

ፈገግታው ጠፋ። «እሺ፣ ልተወው እንበል» አለ። «አሁን ባለበት ሁኔታ ከጭነት መኪና ኋላ ስወጣ ጉልበት ያንሰዋል። ለመቅደም ስወጣ ከፊት የሚመጣው ይደርስብኛል። ባለፈው ወር በአንድ ክንድ ርቀት ነው የተረፍሁት። እሱስ አያስፈራሽም?»

ያስፈራኝ ነበር። ሁለት ፍርሃት ነበረኝና የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። አንድ የማውቀው ሥራ ነበር፤ ሄዶ ማየት። ሁለታችንም ሰሎሞን ጋ ሄድን።

ሰሎሞን ጠጕሩ ሸብቷል። የጋራዡ በር ላይ ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። የሙሉጌታን ጥያቄ ከሰማ በኋላ ኮምፒውተሩን ከእግር ሥር ፈትቶ አወጣና ክዳኑን ከፈተ። በጣም ቆየ። ከዚያ በጥፍሩ አንድ ትንሽ ቺፕ አሳየን፤ ዙሪያው የተበየደበት ቦታ ቀለሙ ከሌላው ይለያል።

«ይህን ከእኛ በፊት የነካው ሰው አለ» አለ።

«ማን?» አለ ሙሉጌታ።

«እንጃ። ከአንተ በፊት የነበረው፣ ወይም ከእሱ በፊት የነበረው። ምን እንደጻፈበት፣ የት አገር አየር ላይ ሆኖ እንደጻፈው አላውቅም።»

ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። «ልተወው» የሚለው ምርጫ በዚያች ደቂቃ ጠፋ። አንድ ዓመት ሙሉ ማንነቱን የማናውቀውን ሰው ግምት አምኖ ገደሉን ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል።

ሰሎሞን ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ላይ አስተካክየ ለበረሃ የሰጠሁት መኪና የለም። ከፈለጋችሁ ላፕቶፑን ይዤ በረሃው ድረስ እወርዳለሁ። እዚያው አይተን እዚያው እንጽፋለን። ሌላ መንገድ አላውቅም። እርስዎ ካልመጡ ግን አልሄድም።»

«እኔ ምን አደርግልሃለሁ?»

«ጆሮ አለዎት።»

መንገዱ ደኅና በሆነ ሰሞን፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ከቀትር በፊት ደጀን ደረስን። ሰሎሞን ከፊት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ እኔ ለልጅ እንኳ በማይበቃው የኋላ ወንበር ተጣጥፌ ገባሁ። ሰሎሞን ከሞተሩ ብረት ላይ በቡሎን አጥብቆ ያሰራት ትንሽ ማይክሮፎን በሽቦ ወደ እኔ መጣች፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ጤነኛ ሞተር ምን ድምፅ እንዳለው አስቀድሞ አስጠንቶኛል። እሳቱ ያለ ጊዜው ሲጫር ግን ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደተበተነ ይሰማል። «ላፕቶፑ ከሚያሳየኝ ቀድመው ይሰሙታል» አለኝ። «ከሰሙ ጣትዎን ያንሡ፤ ሙሉጌታ ወዲያው ይለቃል።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ ሄደ። ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ያዝን። ሙሉጌታ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ ነዳጅ ጨመረ። ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ትንፋሽ መካከል የገባች ጉሮሮ መጥረግ አትሰወረኝም። ሁለት ጠጠር ሰማሁ። ከዚያ አንድ እፍኝ።

ጣቴን አነሣሁ። ሙሉጌታ ለቀቀ። ከሰከንድ በኋላ የላፕቶፑ መስመር ቀይ ሆነ።

 ወንድሜ በዚያ ድምፅ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ይህን ዳገት እንደወጣ ልቆጥር ጀምሬ ተውሁት። ማዳመጫ አልነበረውም፤ መስኮቱ ክፍት፣ ሙዚቃው ክፍት።

ተመልሰን ወርደን ከድልድዩ አለፍ ብሎ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆምን። ሰሎሞን ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አናፈሰው፤ ቺፑንም እዚያው ሊጻፍበት በሚችል ሌላ ቺፕ ለወጠው። ከዚያ ለሙሉጌታ ሁለት መንገድ አቀረበለት።

«አንደኛው፣ ጉልበት ያለው ነው። እሱን በትክክል ለመጻፍ ዳገቱን ደጋግመን ሙሉ ነዳጅ ሰጥተን መውጣት አለብን፤ ይህ አሮጌ ሞተር እስከዚያ ይችል እንደሆነ ዋስትና የለኝም። ሁለተኛው፣ እሳቱን አዘግይቼ፣ የቱርቦውን ግፊት ቀንሼ ልስጥህ። ከዛሬው የባሰ ይደክማል። መቅደም የሚባል ነገር ትረሳለህ።»

«ስፖርት መኪና ገዝቼ ጋሪ ልነዳ!» አለ ሙሉጌታ። ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። «እታለም፣ ንገሪኛ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ያየሁትንና የሰማሁትን ልዘረዝርለት አፌን ከፈትሁ። ሌላ ነገር ወጣ።

«ፈርቻለሁ» አልሁት።

በሥራ ላይ ስለ ራሴ እንዲህ ብየ አላውቅም። ፍርሃት ዜና አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲፈራ ነው የምንቀርጸው። ሙሉጌታ ወደ ሰሎሞን ዞረ። «ደካማውን ጻፍ» አለው።

ያን ዳገት ከአንድ ሲሚንቶ ከጫነ ተሳቢ ኋላ ሆነን ወጣነው። እሱንም ሳንቀድም ሌላ አይሱዙ እኛን ቀደመን፤ ረዳቱ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ «ጋሼ! መኪናው ጾም ይዟል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሰሎሞን ሳቀ። ሙሉጌታ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ዓለማየሁ ከመንገድ የወጣበትን መታጠፊያ አውቀዋለሁ፤ በኋላ ሄጄ አይቸዋለሁ። እዚያ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ብቻ ከፈትሁ። ንጹሕ ነበር። ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ አንዲት ጠጠር አልሰማሁም።

ይህ ሰማያዊ ነጥብ ነው፤ ግን የአንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ሙቀት፣ በዚያ ቀን ቤንዚን፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ። በሚቀጥለው ወር ማደያው ምን እንደሚቀዳለት አላውቅም። ያረጀ ሞተር ምን ሰዓት እንደሚደክመው አላውቅም። ወንድሜ ባለቤቱን ናፍቆ ሲቸኩል፣ ከፊቱ ያለው ተሳቢ ሲያጨስበት፣ ለመቅደም ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። «መኪናውን ሽጠው» ብየዋለሁ፤ «ማን ይገዛኛል? አስደክመሽብኝ!» ይላል። ቀልዱን እወድለታለሁ፤ ግን አያስቀኝም።

አሁን አንድ ስምምነት አለን። በረሃው ውስጥ ስልክ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሊወርድ ሲል ከደጀን ይደውላል፤ ወጥቶ ሲያበቃ ከጎሃ ጽዮን ይደውላል። ዛሬ ዓርብ ነው። ከደጀን ደውሎ፣ «ጋሪዋ ደኅና ናት፤ ሞቅ ብሏል» አለኝና ዘጋ። ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ የተቀመጥሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኩ ከወረቀቱ አጠገብ አለ። ከደወለ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኗል። ባለፈው ወር አንድ ሰዓት ከሃያ ወስዶበታል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ ሰዓት ከሩብ። ስለዚህ ገና አልዘገየም።